መብራት ቢቋረጥም የማይሞት፣ ያልተፈረመውንም የማያስነሳ ቡትሎደር

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከካዛንቺስ እስከ ለገሃር ባሉት ሕንፃዎች በፈረቃ የሚመጣው ውኃ ምድር ቤት ካለው ገንዳ ተጠራቅሞ በፓምፕ ወደ ጣሪያው ሮቶ ይገፋል። ፓምፑን የሚያስነሳና የሚያጠፋ፣ የሮቶውን መጠን በሞባይል ኔትወርክ የሚያሳውቅ ትንሽ መሣሪያ ሠርቶ መግጠም ከባድ አይደለም። ከባዱ ነገር የሚመጣው ከተገጠመ በኋላ ፈርምዌሩ (መሣሪያው ውስጥ ያለው ፕሮግራም) ላይ ስህተት ሲገኝ ነው። ላፕቶፕና ፕሮግራመር (ቺፕ ላይ ኮድ የሚጽፍ ዕቃ) ይዞ በየሕንፃው እየዞሩ፣ የምድር ቤት ቁልፍ ያለበትን ሰው እየፈለጉ ማደስ የሚቻለው መሣሪያው አምስት ወይም ስድስት ሲሆን ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ፈርምዌሩ ከርቀት መታደስ አለበት። ከርቀት የሚታደስ ነገር ሁሉ ደግሞ ቡትሎደሩ፣ ማለትም መሣሪያው ሲበራ ቀድሞ ተነስቶ ፈርምዌሩን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም፣ ካልተጠነቀቀ ከርቀት ሊበላሽ፣ ከርቀትም ሊሰረቅ ይችላል። እዚህ የሰፈረው እንዲህ ላሉ መሣሪያዎች ቡትሎደር ስንጽፍ የሠራልንና ያልሠራው ነው።

ቡትሎደሩ ሁለት ጠላት አለው። አንዱ የመብራት መቋረጥ ነው፤ ሌላው የእናንተ ያልሆነን ፈርምዌር ሊጭን የሚሞክር ሰው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ብቻ እያሰበ ምስጠራ ላይ ይደክማል፤ በእኛ ከተማ ግን ፊተኛው በሳምንት ብዙ ጊዜ ይጎበኛችኋል። ሁለቱን ለየብቻ መፍታትም አይሆንም፦ መብራት በተቋረጠበት ቅጽበት ቡትሎደሩ «ግማሽ የተጻፈም ቢሆን ላስነሳው» ካለ፣ ሆን ብሎ መብራት የሚያቋርጥ ሰው ያንኑ በር ይጠቀምበታል።

መጀመሪያ የሚወሰነው ቡትሎደሩ የማይሠራው ምን እንደሆነ ነው። ሞደም አያናግርም፣ ፋይል አያወርድም፣ የውኃ መጠንም አያውቅም። ማውረድ የአፕሊኬሽኑ፣ ማለትም ፓምፑን የሚቆጣጠረው የዋናው ፈርምዌር፣ ሥራ ነው። አፕሊኬሽኑ አዲሱን ፈርምዌር ባዶ ቦታ ላይ አስቀምጦ «ዝግጁ» የሚል ምልክት ጽፎ ሪሴት ያደርጋል፤ ቡትሎደሩ መርምሮ ከአሮጌውና ከአዲሱ አንዱን ያስነሳል፤ በቃ። ቡትሎደሩ ከርቀት የማይታደስ ብቸኛው ክፍል ስለሆነ እያንዳንዱ የተጨመረበት መስመር ሁልጊዜ አብሮት የሚኖር ሸክም ነው። አንድ ነገር ብቻ እንዲጨመርበት እንመክራለን፤ ሁለቱም ፈርምዌሮች ውድቅ ከሆኑ በሲሪያል ሽቦ፣ በሰከንድ በ115200 ቢት ፍጥነት፣ የተፈረመ (የእናንተ መሆኑ በዲጂታል ፊርማ የሚረጋገጥ) ፈርምዌር የሚቀበልበት የመዳኛ መንገድ። 48 ኪሎባይት በዚህ ፍጥነት ከ4 ሰከንድ ትንሽ በላይ ይፈጃል።

ምሳሌያችን ኤስቲኤም32ጂ071 የተባለው ማይክሮኮንትሮለር ነው፤ 128 ኪሎባይት ፍላሽ (መብራት ሲሄድ የማይጠፋ ማከማቻ)፣ 36 ኪሎባይት ራም፣ ኮርቴክስ ኤም0 ፕላስ። የፍላሹ ገጽ (በአንድ ጊዜ የሚሰረዘው ትንሹ ክፍል) 2 ኪሎባይት ስለሆነ በጠቅላላው 64 ገጽ አለ። አከፋፈሉ እንዲህ ነው (ስሎት ማለት አንድ ፈርምዌር የሚያርፍበት ቦታ ነው)፦ ለቡትሎደሩ 12 ገጽ (24 ኪሎባይት)፣ ለስሎት ሀ 24 ገጽ (48 ኪሎባይት)፣ ለስሎት ለ 24 ገጽ፣ ለሁኔታ መዝገብ 2 ገጽ፣ ለደንበኛው ቅንብር 2 ገጽ። በሄክስ ስንጽፈው ቡትሎደሩ ከ08000000፣ ስሎት ሀ ከ08006000፣ ስሎት ለ ከ08012000 ይጀምራል። የደንበኛውን ቅንብር፣ ለምሳሌ ፓምፑ የሚነሳበትን የውኃ መጠን፣ በስሎቶቹ ውስጥ አታስቀምጡት፤ አፕዴት በተደረገ ቁጥር ይጠፋል።

አዲሱን ፈርምዌር ከስሎት ለ ወደ ስሎት ሀ መገልበጥ በየመማሪያው የሚታይ ዘዴ ነው። እኛ ትተነዋል። ኮዱ ካለበት ቦታ ቢነሳ ግልበጣ የለም፤ ግልበጣ ከሌለ በግልበጣ መሐል የሚጠፋ መብራትም የለም። ዋጋው ይህ ነው፦ የኮርቴክስ ኤም ፕሮግራም የሚሠራው በተሊንከበት (ሲጠናቀር በተወሰነለት) አድራሻ ላይ ስለሆነ አንዱን ሥሪት ሁለት ጊዜ ማጠናቀር ያስፈልጋል፤ አንዴ ለሀ፣ አንዴ ለለ። መሣሪያው አሁን በየትኛው ስሎት ላይ እንዳለ ለሰርቨሩ ይናገራል፤ ሰርቨሩም የተቃራኒውን ይልካል። ሁለት ፋይል መያዝ ካስቸገረና የቺፑ ፍላሽ በሁለት ባንክ (በሁለት ክፍል) የተከፈለ ከሆነ (ከዚሁ ቤተሰብ ጂ0ቢ1 እንዲህ ነው) ሃርድዌሩ ራሱ ባንኮቹን ያቀያይራል። ራሳችሁ መጻፍ ካልፈለጋችሁ ኤምሲዩቡት የሚባለው ክፍት ቡትሎደር አለ፤ በሚገባ የተፈተነ ነው፣ ማቀያየርንም ከነመመለሻው ይሠራል። ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር፦ ከምንጭ ኮዱ ጋር የሚመጡት የናሙና ቁልፎች የግል ክፍላቸው ጭምር ለዓለም ሁሉ የተገለጠ ነው። እነሱን ሳይቀይሩ መሣሪያ ማውጣት ሳይፈርሙ ከማውጣት አይሻልም።

በየስሎቱ መነሻ ላይ 256 ባይት ራስጌ ይቀመጣል። ለምን 256 ቢባል፣ ቀጥሎ የሚመጣው የቬክተር ሰንጠረዥ (ቺፑ ሲነሳና ኢንተራፕት፣ ማለትም ሥራ አቋራጭ ጥሪ፣ ሲመጣ ፕሮሰሰሩ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው ዝርዝር) በኤም0 ፕላስ ላይ በ256 በሚካፈል አድራሻ ላይ መጀመር ስላለበት ነው። ኤም3 ወይም ኤም4 ያለው ቺፕ ከሆነ ኢንተራፕቶቹን ቁጠሩ፤ ኤፍ103 ለምሳሌ እስከ 76 ቃላት (ባለ 4 ባይት) አሉት፣ 304 ባይት ይሆናል፣ ስለዚህ ራስጌው 512 መሆን አለበት። በራስጌው ውስጥ የሚገባው ይህ ነው፦ መለያ ቁጥር፣ የምርቱ ኮድ፣ የቦርዱ ዕትም፣ የፈርምዌሩ ሥሪት፣ የደኅንነት ቆጣሪ (አሮጌ ሥሪት ተመልሶ እንዳይጫን የሚከለክለው ቁጥር)፣ የተሊንከበት አድራሻ፣ የኮዱ መጠን፣ በመጨረሻም 64 ባይት ፊርማ። ፊርማው ከራሱ በቀር ራስጌውን በሙሉ መሸፈን አለበት። ኮዱን ብቻ ፈርመው ራስጌውን የሚተዉ አሉ፤ ያኔ የአሮጌ ሥሪት ቁጥር በአዲስ ቁጥር ተቀይሮ ፊርማው አሁንም ትክክል ሆኖ ያልፋል፤ ለሌላ ቦርድ የተሠራ ፈርምዌርም እንዲሁ።

ምርመራው ቅደም ተከተል አለው። መለያ ቁጥሩ፣ የምርቱ ኮድና የቦርዱ ዕትም ይቅደሙ። ከዚያ መጠኑ፤ ከ48 ኪሎባይት ሲቀነስ 256 ባይት መብለጥ የለበትም። ይህን ስትጽፉ «መነሻ ሲደመር መጠን ከመጨረሻው ያንሳል?» አትበሉ፤ በ32 ቢት ላይ ድምሩ ሞልቶ ይፈስና ግዙፍ መጠን ትንሽ መስሎ ያልፋል። መጠኑን በቀጥታ ከጣሪያው ጋር አወዳድሩ። ቀጥሎ አድራሻው ከስሎቱ ጋር መግጠሙ፣ ከዚያ ኤስኤችኤ-256 ሃሽ (የዳታው አሻራ)፣ ከዚያ ፊርማው። በመጨረሻም ሁለት ርካሽ ፍተሻዎች አሉ፦ የመጀመሪያው ቃል (የስታክ መነሻው) በራም ክልል ውስጥ መሆን አለበት፤ ሁለተኛው ቃል (የሪሴት አድራሻው) በዚያው ስሎት ውስጥ መሆንና የመጨረሻ ቢቱ 1 መሆን አለበት። ይህ ሁሉ የሚደረገው በሚወርደው ዳታ ላይ ሳይሆን ፍላሽ ላይ ባረፈው ላይ ነው፤ በየመነሻውም ይደገማል። ፈርምዌሩን ለጊዜው ውጫዊ የኤስፒአይ ፍላሽ ላይ የምታስቀምጡ ከሆነ እዚያ ላይ አረጋግጦ ወደ ውስጥ መገልበጥ ብቻውን ምንም አይጠቅምም፤ በማረጋገጡና በመገልበጡ መካከል ዳታውን መቀየር ይቻላል። ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ እንደገና አረጋግጡ።

ሲአርሲ-32 (ዳታ መበላሸቱን የሚያሳይ ማረጋገጫ ቁጥር) ፊርማ አይደለም። በአጋጣሚ የተበላሸን ዳታ ይይዛል፤ ሆን ብሎ የቀየረውን ሰው ግን አይዝም፤ እሱም ያሰላዋልና። ሁሉም መሣሪያዎች ውስጥ አንድ ዓይነት ምስጢራዊ ቁልፍ አስቀምጦ በኤኢኤስ መመስጠርም እንዲሁ ነው፤ አንዷን ቦርድ ከፍቶ ቁልፉን ያወጣ ሰው ሁሉንም አገኘ ማለት ነው። መሣሪያው ውስጥ መግባት ያለበት ይፋዊው ቁልፍ (እናንተ ጋ በሚቀረው የግል ቁልፍ የተፈረመውን የሚያረጋግጠው ጥንድ) ብቻ ነው፤ እሱ ቢሰረቅ ምንም አይጎዳም፣ እንዳይቀየር ብቻ ይጠበቅ። ኮዱ እንዳይነበብ ምስጠራ ከፈለጋችሁ በፊርማው ላይ ጨምሩት፤ በፊርማው ምትክ ግን አይሁን።

ፊርማን በተመለከተ ሁለት ምርጫ አለ፦ ኢዲ25519 ወይም ኢሲዲኤስኤ በፒ-256። የሁለቱም ፊርማ 64 ባይት ነው። ኢሲዲኤስኤ በየፊርማው አዲስ የዘፈቀደ ቁጥር ይፈልጋል፤ ያ ቁጥር ከተደገመ የግል ቁልፉ በትምህርት ቤት አልጀብራ ይወጣል። የፕሌይስቴሽን 3 የፊርማ ቁልፍ በ2010 እ.ኤ.አ. የተጋለጠው በዚሁ ምክንያት ነበር። ኢዲ25519 ከዚህ ዓይነቱ ስህተት የራቀ ነው። ማይክሮ-ኢሲሲ በሚባለው ትንሽ ላይብረሪ ፒ-256 የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ «ፊርማው ሁሌ ውድቅ ይሆናል» የሚለው ችግር ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የመፈረሚያው ሶፍትዌር ኦፕንኤስኤስኤል ፊርማውን የሚያወጣው በዲኢአር ቅርጽ መሆኑ ነው፤ ርዝመቱ 70፣ 71 ወይም 72 ባይት እየሆነ ይለዋወጣል። ላይብረሪው የሚጠብቀው ሁለቱን ቁጥሮች እያንዳንዳቸው ልክ በ32 ባይት፣ ከትልቁ ባይት ጀምሮ ነው። ትንሽ የወጣውን ቁጥር ከፊት በዜሮ መሙላት ከረሳችሁ አንዳንዱ ፈርምዌር ያልፋል፣ አንዳንዱ አያልፍም፤ ይህ ከሁሌ ውድቅ ይልቅ ያደክማል። ሌላው ምክንያት ሃሹን እንደገና ሃሽ አድርጎ መፈረም ነው። ማረጋገጡ በ64 ሜጋኸርዝ ላይ እንደ አጠናቀሩ ከጥቂት መቶ ሚሊሰከንድ ጀምሮ ይፈጃል፤ ዋችዶጉን (ፕሮግራሙ ከተንጠለጠለ ቺፑን ሪሴት የሚያደርገውን ሰዓት ቆጣሪ) ለዚያ አስፍታችሁ አስተካክሉ።

አሁን ወደ ሁኔታ መዝገቡ። ይህ ክፍል ከፊርማው ይልቅ ብዙ መሣሪያ ገድሏል። የትኛው ስሎት እንደጸደቀ፣ የትኛው በሙከራ ላይ እንዳለ የሚነግረው መዝገብ ራሱ በፍላሽ ላይ ነው፤ እሱ በሚጻፍበት ቅጽበትም መብራት ይጠፋል። አንድ ገጽ ሰርዞ አዲሱን ሁኔታ መጻፍ የመጀመሪያው ሰው የሚያስበው ነው፤ በመሰረዙና በመጻፉ መካከል ግን መሣሪያው ምንም አያስታውስም። መፍትሔው ሳይሰርዙ እየቀጠሉ መጻፍ ነው። ጂ071 ፍላሹን የሚጽፈው በ8 ባይት (በ64 ቢት) ነው፤ አንዴ የተጻፈ 8 ባይትም ገጹ ሳይሰረዝ ሁሉንም ዜሮ ከማድረግ በቀር እንደገና አይጻፍም። ስለዚህ እያንዳንዱ መዝገብ ልክ 8 ባይት ይሁን፦ 1 ባይት መለያ፣ 2 ባይት ተከታታይ ቁጥር፣ 1 ባይት ስሎት፣ 1 ባይት ሁኔታ፣ 1 ባይት የሙከራ ቁጥር፣ 2 ባይት ሲአርሲ-16። በአንድ ገጽ 256 መዝገብ ይገባል። የሚታመነው ሲአርሲው ትክክል የሆነው የመጨረሻው መዝገብ ነው። ገጹ ሲሞላ ሁለተኛው ገጽ ይሰረዛል፣ የአሁኑ ሁኔታ እዚያ ይጻፋል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የመጀመሪያው ይሰረዛል። መብራቱ የትም ቦታ ቢጠፋ ቢያንስ አንድ ትክክለኛ መዝገብ ይተርፋል።

በድሮው የኤፍ1 ቤተሰብ ላይ በ16 ቢት መጻፍ ይቻል ስለነበር በየ16 ቢቱ «ምልክት» የሚያደርጉ ኮዶች በየቦታው አሉ። እነሱን ወደ ጂ0 ወይም ወደ ኤል4 መገልበጥ አይቻልም፤ የጽሑፍ ስህተት ምልክት ይነሳና ምንም አይጻፍም። ስህተቱን የማይመረምር ኮድ ደግሞ ተጽፏል ብሎ ይቀጥላል።

ከዚህ የባሰ አለ። እነዚህ ቺፖች በየ8 ባይቱ የስህተት ማረሚያ ኮድ አላቸው። መብራት ግማሽ ላይ የቆረጠው 8 ባይት ሲነበብ ሊታረም የማይችል ስህተት ሆኖ ኤንኤምአይ የተባለውን የማይታገድ ኢንተራፕት ያስነሳል። ከፋብሪካው ኮድ ጋር የሚመጣው የኤንኤምአይ ተቀባይ ደግሞ መጨረሻ የሌለው ዑደት ነው። ውጤቱ፣ መብራት ሲመጣ መሣሪያው ይነሳል፣ መዝገቡን ያነባል፣ ይቆማል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ እንዲሁ። ከውጭ ሲታይ ቺፑ የተቃጠለ ይመስላል፤ ቴክኒሻኑም ነቅሎ ሌላ ይተክላል። ቺፑ ግን ጤነኛ ነው። ቡትሎደሩ የራሱ የኤንኤምአይ ተቀባይ ይኑረው፤ የስህተት ምልክቱንና አድራሻውን ያንብብ፣ ምልክቱን ያጽዳ፣ አድራሻው በመዝገቡ ገጾች ውስጥ ከሆነ «ይህ መዝገብ ብልሹ ነው» ብሎ ይመለስ፣ በስሎት ውስጥ ከሆነ ያንን ስሎት ውድቅ ያድርግ። መሰረዝም ግማሽ ላይ ሊቆም ይችላል፤ እንዲህ ያለው ገጽ ሲነበብ ባዶ ይመስላል፣ ግን አስተማማኝ አይደለም። ስለዚህ መዝገቡ «በማውረድ ላይ» የሚል ከሆነ ባዶ ቢመስልም ስሎቱን እንደገና ሰርዙት።

የሙከራ ጊዜን እንመልከት። አዲሱ ፈርምዌር ፊርማው ትክክል ሆኖ ኮዱ ግን ስህተት ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ «በሙከራ ላይ» ተብሎ ይነሳል፤ ሴንሰሩን አንብቦ፣ ኔትወርክ ይዞ፣ ሰርቨሩን ካነጋገረ በኋላ ራሱ «ጸድቋል» የሚለውን መዝገብ ይጽፋል። ሦስት ጊዜ ተነስቶ ካልጸደቀ ቡትሎደሩ ወደ አሮጌው ይመለሳል። ይህ በሁሉም ማኑዋል ላይ አለ። እኛ ጋ የሚጎድለው ነገር ግን አለው፦ አዲስ ፈርምዌር ከወረደ በኋላ በነበረው ከሰዓት መብራት ሦስት ጊዜ ከሄደና ከመጣ ጤነኛው ፈርምዌር ያለ ጥፋቱ ይጣላል። መሣሪያው አሮጌው ላይ ይመለሳል፣ ሰርቨሩ እንደገና ይልካል፣ እንደገና ይጣላል፤ የዳታ ጥቅሉም በዚሁ ያልቃል።

ስለዚህ ቡትሎደሩ ከምንም በፊት የሪሴቱን ምክንያት ያንብብ። ቺፑ በዋችዶግ፣ በሶፍትዌር፣ በሪሴት ፒን ወይስ በኃይል መቋረጥ እንደተነሳ በሬጅስተር ይመዘግባል። በዋችዶግና ባልታቀደ የሶፍትዌር ሪሴት የመጣው ብቻ ከሦስቱ ይቆጠር። የኃይል መቋረጥን ግን ጨርሶ አለመቁጠርም ስህተት ነው፤ ሞደሙን በተሳሳተ ሰዓት እያበራ ቮልቴጁን የሚጥል ፈርምዌር ራሱን የሚያጠፋው በኃይል መውደቅ ነው። ለዚያ ለብቻው 20 የሚደርስ ሰፊ ቆጣሪ ስጡት። ምልክቶቹን አንብባችሁ ካጸዳችኋቸው በኋላ ምክንያቱን በራም ላይ በተወሰነ ቦታ ለአፕሊኬሽኑ አስተላልፉለት፤ ከርቀት ችግር ስትፈልጉ ከሁሉም በላይ የሚጠቅማችሁ መረጃ ይኸው ነው። ዋችዶጉን የሚያስነሳው ቡትሎደሩ ይሁን። በ32 ኪሎኸርዝ ሰዓት ትልቁ ጊዜ 32.7 ሰከንድ ነው፤ አንዴ ከተነሳ ከሪሴት በቀር አይቆምም፤ አፕሊኬሽኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ እያደሰው መሄድ ግዴታው ይሆናል።

ወደ አፕሊኬሽኑ መዝለል አጭር ሥራ ነው፤ ሆኖም ብዙ ሰው እዚህ ይሰናከላል። ኢንተራፕቶች ይዘጋሉ፣ ሲስቲክ የሚባለው ሰዓት ቆጣሪ ይቆማል፣ የተነሱት ፔሪፈራሎች (እንደ ሲሪያል ያሉት የቺፑ ረዳት ክፍሎች) ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ፣ የቬክተር ሰንጠረዡ አድራሻ ወደ 08006100 (ወይም ለስሎት ለ ወደ 08012100) ይቀየራል፣ የስታክ ጠቋሚው ከመጀመሪያው ቃል ይጫናል፣ ወደ ሁለተኛው ቃል ይዘለላል። አፕሊኬሽኑ ተነስቶ የመጀመሪያው ኢንተራፕት ሲመጣ ከቆመ የፋብሪካው የማስጀመሪያ ፋይል የሰንጠረዡን አድራሻ መልሶ 08000000 አድርጎት እንደሆነ ተመልከቱ። ጭራሽ ምንም ኢንተራፕት የማይሠራ ከሆነ ቡትሎደሩ የዘጋውን የሚከፍት የለም ማለት ነው። ያለ ማመቻቸት (ኦፕቲማይዜሽን) ሲጠናቀር አልሠራ ብሎ በማመቻቸት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የመዝለያው አድራሻ በአሮጌው ስታክ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ስታኩ ሲቀየር ጠፋ። ኤፍ0 ቺፖች ኤም0 ስለሆኑ የሰንጠረዥ ማዛወሪያ ሬጅስተር የላቸውም፤ ሰንጠረዡን ወደ ራም ገልብጦ ራሙን ወደ ዜሮ አድራሻ ማምጣት ነው መንገዱ።

ሃርድዌሩ ላይ ሦስት ነገር። ቡትሎደሩ ፊርማ በሚመረምርበት ጊዜ ፒኖቹ ሁሉ ተንሳፋፊ ናቸው፤ የሪሌዩ ትራንዚስተር ወደ መሬት የሚጎትት 10 ኪሎኦም ከሌለው ኮንታክተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ፓምፑም ያለ ትዕዛዝ ይነሳል። ሁለተኛ፣ ሲም800 የተባለው ሞደም ሲያስተላልፍ እስከ 2 አምፔር ይስባል፤ የሚሠራውም ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ነው። ሞደሙ የራሱ መስመርና ቢያንስ 1000 ማይክሮፋራድ ከአጠገቡ ይኑረው፤ ከማይክሮኮንትሮለሩ መስመር በዳዮድ ይለይ። ሦስተኛ፣ የቺፑ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ጠባቂ በኦፕሽን ባይት (የቺፑ ቋሚ ቅንብር በሚቀመጥበት) ይከፈትና በ3.3 ቮልት ለሚሠራ ቦርድ ሲወርድ 2.8 ቮልት ላይ የሚይዘው ደረጃ ይመረጥ፤ ቮልቴጁ እየወረደ ሳለ ፍላሽ መጻፍ የተዛባ ዳታ ይተዋል። ለማይክሮኮንትሮለሩ የ100 ሚሊሰከንድ ትንፋሽ መስጠት ከፈለጋችሁ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 20 ሚሊአምፔር በ0.1 ሰከንድ ተባዝቶ ከሬጉሌተሩ በፊት ለሚፈቀደው 1.5 ቮልት ውድቀት ሲካፈል 1333 ማይክሮፋራድ ገደማ ይሆናል፤ 2200 አድርጉት። ይህ ግን ተጨማሪ ነው፤ መዝገቡ በትክክል ካልተሠራ ካፓሲተር አያድነውም።

ሲወርድ፣ ስሎቱን አስቀድማችሁ በሙሉ ሰርዙ። በዚህ ቺፕ ላይ ፍላሽ ሲሰረዝ ፕሮሰሰሩ ይቆማል፤ አንድ ገጽ ከ20 እስከ 40 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ በ115200 ፍጥነት ሞደሙ በዚያ ጊዜ እስከ 460 ባይት ይልካል፣ ያም ይጠፋል። 24ቱን ገጾች ቀድሞ መሰረዝ ቢበዛ አንድ ሰከንድ ነው። ፈርምዌሩ በ512 ባይት ቁራጭ ቢወርድ ቢበዛ 96 ቁራጭ ነው፤ የት እንደደረሰ በየገጹ መዝግቡና ግንኙነቱ ሲቋረጥ ከዚያው ይቀጥል። ምድር ቤት ውስጥ ያለ አንቴና በአንድ ትንፋሽ ያወርዳል ብላችሁ አትጠብቁ። እንዲህ ያሉ አሮጌ ሞደሞች የሚችሉት የቲኤልኤስ ምስጠራ ያረጀ ስለሆነ ለደኅንነት በመንገዱ ላይ አትደገፉ፤ ፊርማው ካለ ፋይሉ በማንም እጅ ቢያልፍ አይጎዳም።

የግል ቁልፉ ከኢንተርኔት በተለየ ኮምፒውተር ላይ ይፈጠር፤ በይለፍ ሐረግ ተቆልፎ በሁለት ፍላሽ ዲስክ፣ በሁለት የተለያየ ቦታ ይቀመጥ። ከምንጭ ኮዱ ጋር ጊት ውስጥ አይግባ። ቁልፉ ከጠፋ የተገጠሙት መሣሪያዎች ሁሉ ከዚያ ወዲያ አይታደሱም፤ ስለዚህ ቡትሎደሩ ውስጥ ሁለተኛ ይፋዊ ቁልፍ ከመጀመሪያው አስገቡ፣ የግል ጥንዱንም ሳትነኩት አስቀምጡት። ለጠረጴዛ ሥራ የምትጠቀሙበት ቁልፍ የተለየ ይሁን፤ ያንን የሚቀበል ቡትሎደርም ከቢሮ አይውጣ። የደኅንነት ቆጣሪው ደግሞ በየሥሪቱ አይጨመር። ከጸደቀው ያነሰ ቆጣሪ ያለው ፈርምዌር ስለማይነሳ፣ ቆጣሪውን ከፍ ባደረጋችሁ ቁጥር መመለሻችሁ የነበረውን አሮጌ ፈርምዌር ትዘጋላችሁ። የደኅንነት ቀዳዳ ስትደፍኑ ብቻ ጨምሩት።

መቆለፍ የመጨረሻው እርምጃ ነው። የቡትሎደሩን 12 ገጽ ከጽሑፍ ጠብቁ፤ የንባብ ጥበቃውን ደረጃ 1 አድርጉ፤ ይህን ጥበቃ በኋላ የሚያነሳ ሰው ቢኖር ፍላሹ በሙሉ ይሰረዛል። ደረጃ 2 ፈጽሞ አይመለስም። በጂ0 ላይ ከዋናው ፍላሽ ብቻ እንዲነሳ የሚያስገድደው ቢት ከደረጃ 1 ጋር ሲጣመር ዲበገሩን (ቺፑን ከውጭ የምትቆጣጠሩበትን መስመር) ይዘጋል፤ አፕሊኬሽኑ ራሱ ካልከፈተው ቺፑ አይገኝም። በአንድ ቦርድ ላይ ሙሉ በሙሉ ሳትሞክሩ በ50 ቦርድ ላይ አታድርጉት። ከገበያ የሚገዙት ርካሽ ኤፍ103 ቦርዶች ላይ ግን በንባብ ጥበቃው ላይ ብዙ አትመኩ፤ የእውነተኛው ኤፍ1 ጥበቃ እንኳ በዲበገሩ በኩል በኢንተራፕት አሠራሩ ሊታለፍ እንደሚችል በ2020 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች አሳይተዋል፤ ገበያው ላይ ደግሞ የቅጂ ቺፕ ብዙ ነው። በፕሮግራመሩ የሚነበበው መታወቂያ ለእውነተኛው በ1 ሲጀምር ለብዙዎቹ ቅጂዎች በ2 ይጀምራል። ከእያንዳንዱ ግዢ ሁለት ሦስቱን ቆልፉና በእርግጥ አልነበብም እንደሚሉ ፈትሹ።

ፈተናው በእጅ ሶኬት መንቀል አይደለም። አንድ አርዱይኖና ሪሌይ ውሰዱ፤ አርዱይኖው የመሣሪያውን ኃይል ይቁረጥ። ፈርምዌሩን በሞደሙ ፋንታ በሲሪያል ስጡት፤ ከመሰረዝ እስከ መጽደቅ 6 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ከ0 እስከ 6000 ሚሊሰከንድ ባለው ውስጥ በዘፈቀደ ቅጽበት ይቆረጥ፣ ከ5 ሚሊሰከንድ እስከ 5 ሰከንድ ጠፍቶ ይቆይ፣ ይመለስ። አጫጭሮቹ መቋረጦች ከረጃጅሞቹ የበለጠ ስህተት ያወጣሉ። መሣሪያው በ10 ሰከንድ ውስጥ ከሁለቱ የተፈረሙ ሥሪቶች አንዱን በሲሪያል ካላሳወቀ ፈተናው ይቁምና የተቆረጠበት ቅጽበት ይመዝገብ። በየዙሩ 15 ሰከንድ ከሆነ በአንድ ሌሊት፣ በ8 ሰዓት ውስጥ፣ 1920 ጊዜ ይቆረጣል። ፍላሹ የሚሰረዝበት ብዛት የተወሰነ ነውና ለዚህ የዋለውን ቦርድ ለደንበኛ አትስጡ። ከዚያ ሆን ብላችሁ የተበላሹ ፋይሎችን ስጡት፦ አንድ ቢት የተገለበጠበት፣ መሐል ላይ የተቆረጠ፣ በሌላ ቁልፍ የተፈረመ፣ ለሌላ ቦርድ የተሠራ፣ መጠኑ ግዙፍ የተደረገ፣ የሌላው ስሎት፣ ቆጣሪው ያነሰ። ሰባቱም ውድቅ መሆን አለባቸው፤ ስትለቁትም አሮጌው ሥራውን መቀጠል አለበት።

አዲስ ሥሪት ሲወጣ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ያለው፣ ቀጥሎ በእግር የምትደርሱባቸው ሦስት መሣሪያዎች፣ ከዚያ ሌሎቹ። መሣሪያው መብራት እንደመጣ ወዲያው አፕዴት አይጀምር፤ 10 ደቂቃ ይጠብቅ፣ ፓምፑም መቆሙን ያረጋግጥ። ከሦስቱ ወደ ሌሎቹ የምትሸጋገሩት ሦስቱም በአዲሱ ፈርምዌር ላይ ሆነው ቢያንስ አንድ የመብራት መቋረጥ አልፈው ከተመለሱ በኋላ ነው። መብራቱ በዚያ ሳምንት ካልጠፋ የሕንፃውን ጥበቃ ለምኑና የመሣሪያውን ብሬከር ለ10 ደቂቃ ያውርድላችሁ።